ኦዲተሩ ለማን ነው የሚታዘዘው? ግልጽ ደብዳቤ ለደሴ ከተማ ምክር ቤት

ይድረስ ለደሴ ከተማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ለተከበራችሁ አባላት፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። እገሌ በላ፣ እገሌ ዘረፈ የሚል ወሬ የሚፈልግ ካለ ከአሁኑ ይተወው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የከተማችን ገንዘብ እንዴት እንደወጣ የሚመረምር፣ ግን ከከተማው ሹማምንት ትእዛዝ የማይቀበል አካል አቋቁሙልን።

የውስጥ ኦዲት አለን አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍልም አለ። ግን እነዚህ ባለሙያዎች ሪፖርት የሚያቀርቡት ለዚያው ለሚቆጣጠሩት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። እድገቱም ዝውውሩም በእሱ በኩል ያልፋል። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአለቃውን የነዳጅ ወጪ የሚጠይቅ ሰው ካለ ጀግና ነው፣ እጅ እነሳለሁ። ልጅ የሚያሳድግን ሰው ግን ጀግና ሁን ብሎ ማስገደድ አይቻልም።

ደግሞ ሌብነት ሲባል ሻንጣ ሙሉ ብር ብቻ አይታየን። የሚያራቁተን በየከተማው የሚታወቀው ትንንሹ ነገር ነው (የእኛ የባሰ ነው አላልኩም)። ለአንድ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል፣ ሦስቱም ከአንድ ነጋዴ መሳቢያ ይወጣሉ፣ የሚለያየው ማህተሙ ብቻ ነው። ጨረታ እንዳያስፈልግ አንዱ ግዢ ሦስት አራት ቦታ ይቆራረጣል። እዚህ አዳራሽ ሞልቶ እያለ ጎረቤታችን ኮምቦልቻ ተወርዶ ይሠለጠናል፣ አበል እንዲታሰብ። ኮምቦልቻዎቹም ለዚያው ሥልጠና ወደ እኛ ሲወጡ መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አይቀሩም። ከሁሉም ሰኔ ይብሳል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ብሩ ሳይወጣ እንዳይቀር ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመው ሥራ ሁሉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ብንን ይላል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ከዚያ ሐምሌ ይገባና ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በጥድፊያ የተሠራውን ጠራርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይዞት ይሄዳል። እዚህ ውስጥ ሌባ ተብሎ የሚያዝ ሰው ላይኖር ይችላል። ብሩ ግን ሄዷል።

እኛ ደግሞ ግብር ብቻ አይደለም የምንከፍለው። ለኮብልስቶን አዋጥተናል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የተዘረፈው ሆስፒታል ሥራ እንዲጀምር እዚህ ያለውም ውጭ ያለውም ወገን እጁን ዘርግቷል። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ብትለጥፉልን ምን ይጎዳችኋል?

ቅሬያችንን፣ ሌላው እድር የሚለውን፣ ተመልከቱ። ዳኛው፣ ማለትም የቅሬው መሪ፣ ያዛል፣ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፣ ሂሳቡን የሚያዩት ግን ከአባላቱ የተመረጡ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ድንኳኑ ስንት ተገዛ ተብሎ ሲጠየቅ ዳኛው ተሰደብኩ ብሎ አያኮርፍም።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። በ1993 የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም በ2013 በወጣው አዋጅ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፣ ቀድሞ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ላይ በፌዴራል የታየው ነገር ታች እኛ ጋ የማይታይበት ምክንያት አይገባኝም። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ጊዜ የመሥሪያ ቤቶች ጉድለት በስም እየተጠራ ፓርላማ ላይ ሲነበብ በቴሌቪዥን እናይ ነበር። የገዛ ከተማችንን የኦዲት ግኝት ግን ማን ያነብልናል?

ጥቆማ ስጡ ይባላል። የት? የአስተያየት ሳጥኑ ቁልፍ ያለው እዚያው ኃላፊው ጋ ነው። ለጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ 699/2003። ነገር ግን ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ ጠዋት የጠቆመ ሰው ከሰዓት ፒያሳ ካፌ ውስጥ ስሙ ይነሳል። ስለዚህ ጥቆማ የሚቀበለው ሰው ከአስተዳደሩ ውጭ ካልሆነ ሳጥኑን ብትነቅሉት ይሻላል።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ከጡረተኛ የሂሳብ ባለሙያዎች፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ መምህራን፣ ከቅሬዎችና ከነጋዴው የተውጣጣ ትንሽ ቡድን ይሰይም። የፓርቲ ኃላፊ አይግባበት፣ ከከተማው ጋር ውል ያለው ኮንትራክተርም አይግባበት። ተጠሪነቱ ለእናንተ ይሁን፣ ከንቲባው ሊሽረው አይችል። የፈለገውን የግዢ ሰነድ የማየት ሥልጣን ይኑረው፣ ያለዚያ ለፎቶ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ነው የሚሆነው፣ እሱማ ሞልቶናል። የተጠረጠረው ኃላፊም መልሱን ይስጥ፣ መልሱም ከግኝቱ ጋር ይውጣ። በሐሜት ስሙ የጠፋ ንጹሕ ሠራተኛም እኮ አለ፣ እሱንም ነፃ የሚያወጣው ይኸው ነው።

የአዲሱን ዓመት በጀት ከማጽደቃችሁ በፊት ይህን አጀንዳ አስይዙት፣ ያለፈው ዓመት የኦዲት ግኝትም እዚያው ይነበብ። ቀኑንና ሰዓቱን በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰኞ ገበያ ሰፈር ነዋሪ፣ ደሴ