ስለ ፒፒአር ቧንቧ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይበዛብናል። «ፒፒአርና ፒፒቢ የሚባሉት የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧዎች ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ወፍራም፤ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?» ቀለሙን አትዩት። ልዩነቱ ያለው ፕላስቲኩ ውስጥ ነው።

ፕላስቲክ ሞኖመር የሚባሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕሮፒሊን ብቻውን ሲያያዝ ተራው ፖሊፕሮፒሊን ይወጣል። ሰንሰለቶቹ እንደ ጣውላ ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ጠንካራ ነው፤ ብርድ ላይ ግን ምት አይችልም፣ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ አምራቾች ኤትሊን የሚባል ሁለተኛ ሞኖመር ጣል ያደርጉበታል። ብዙ አይደለም፤ ለፒፒአር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ1 እስከ 7 እጅ ነው። ዋናው ነገር የሚገባበት ቦታ ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሲገባ ድርድሩ ይላላል። ቧንቧው ለስለስ ይላል፣ ሙቅ ውሃ በግፊት ሲሄድበትም ለዓመታት ይችላል። ፒፒአር ይኸው ነው። ኤትሊኑ አንድ ላይ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ግን ፒፒቢ ይሆናል። ፒፒቢ ብርድ ላይ ምት በመቻል ፒፒአርን ይበልጠዋል። ሙቅ ውሃ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። እኛ ዘንድ ዋጋው የሚረክሰው እሱ ነው። ለቀዝቃዛ መስመር ይሁን፤ ከቦይለር ለሚወጣው ግን እባካችሁ አትውሰዱት።

ስትገዙ ቧንቧው ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ። «ፒኤን 20» የሚለው ቧንቧው የሚችለውን ግፊት ይናገራል፤ እሱም 20 ዲግሪ ለሆነ ውሃ ነው። ውሃው 70 ዲግሪ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ የሚችለው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሻጭ ይህን ሳይነግራችሁ ቢቀር በጣም ያሳዝነናል።

የቧንቧ ሠራተኛችሁንም አደራ በሉት። ቧንቧውንና ፊቲንጉን (መገጣጠሚያውን) አሙቆ የሚያጣብቀው ማሽን 260 ዲግሪ ይሙቅ። ባለ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ ቧንቧው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ፊቲንጉ ውስጥ ይገባል። ፊቲንጉ አፍ ላይ ዙሪያውን እኩል የሆነ ቀለበት ከወጣ ሥራው ጥሩ ነው። ብዙ ከተሞቀ ግን ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይፈስና የውሃውን መንገድ ያጠበዋል። ከውጭ ስለማይታይ ኋላ «ውሃው ቀነሰ» ተብሎ ሮቶው ይወቀሳል።

ከሮቶ የሚወርደው መስመር ፀሐይ ላይ ከሆነ ይሸፈን። ፀሐይ ፒፒአርንም ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። መሸፈኛው እኛ ጋ አለ። ሌላ ቦታ ካገኛችሁም ግዙት፤ ብቻ ሳይሸፈን አይደር።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧና ሳኒተሪ ዕቃዎች መደብራችሁ