ከኬሞቴራፒ በኋላ ልብም ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኬሞቴራፒ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፀጉር መርገፍና ማስመለስ ነው። ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) የሚሰጠው ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ግን የልብ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል፤ አደጋውም በየዙሩ ከሚጠራቀመው መጠን ጋር ይጨምራል። ድምሩ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 400 ሚሊግራም ሲደርስ ከ100 ታካሚዎች የ5ቱ ያህል፣ 550 ሲሞላ ደግሞ የሩቡ ያህል ልብ እንደሚደክም ተጠንቷል። ደም ግፊት ካለ ወይም ግራ ደረት በጨረር ከታከመ ጉዳቱ በዝቅተኛ መጠንም ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በፊት የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይሠራ። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ ከ10 ነጥብ በላይ ቀንሶ ከ50 በመቶ በታች ከወረደ የልብ ሐኪም ይየው።

ችግሩ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ስለሚችል፣ የወሰዱትን ጠቅላላ መጠን በጽሑፍ ጠይቀው ይያዙ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረ ወይም እግር ካበጠ «የመድኃኒቱ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።