ማሽን ብቻውን አልሠራውም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኒው ዌቭ ሙዚቃ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ስለበዛበት የፖፕና የሮክ ስልት፣ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ መጨረሻው ላይ ስደርስ ቅር ብሎኛል። ጸሐፊው የማንቸስተሩን የኒው ኦርደር ባንድ «ብሉ መንደይ» የሰው ድካም ያልገባበት፣ ማሽን የሠራው ዜማ አድርገው አቅርበውታል። በኪቦርድ ሙዚቃ እያቀናበርኩ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ነጠላ ዜማው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1983 በሙዚቃ አሳታሚው ፋክተሪ ሬከርድስ በኩል ሲወጣ ማሽኖቹ እንደ ዛሬዎቹ በአንድ ንክኪ የሚታዘዙ አልነበሩም። የተሰጡትን ኖታዎች በቅደም ተከተል የሚያጫውተውን ማሽን፣ ሲኩዌንሰሩን፣ የባንዱ ድምፃዊ በርናርድ ሰምነር ከተበታተኑ ዕቃዎች በእጁ የገጣጠመው ነው። ኪቦርድ ተጫዋቿ ጊሊያን ጊልበርት ደግሞ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ኖታ ሁሉ አስቀድማ በወረቀት ላይ አሰፈረች፤ ወረቀቶቹን በፕላስተር ስትቀጣጥላቸው የስቱዲዮውን ርዝመት አከሉ፤ እሷ ራሷ ከሹራብ ሥራ ንድፍ ጋር አመሳስላዋለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ኖታ ተዘለለችባት። ዜማው ከምቱ ፈቀቅ ብሎ የሚሄደው በዚህች ስሕተት ምክንያት ሲሆን፣ እኔ ግን የዘፈኑ ውበት ግማሹ እዚያች ክፍተት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የድራም ማሽኑም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ምቱን ጨርሰው ደስ ባላቸው ሰዓት የባንዱ ድራም ተጫዋች ስቲቨን ሞሪስ ሳያስበው የኤሌክትሪክ ገመዱን በእግሩ መትቶ ነቀለውና የደከሙበት ሁሉ ጠፋ፤ እንደገና ከሀ ጀመሩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያህል እንዳልሆነላቸው ባስ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ሁክ ተናግሯል። ሌሊቱን ሙሉ ያቀናበርኩት ምት ሳላስቀምጠው መብራት ሄዶብኝ ስለሚያውቅ፣ ያንን ቁጭት በሚገባ እረዳዋለሁ።

የንድፍ ባለሙያው ፒተር ሳቪል በፍሎፒ ዲስክ (በቀድሞው የኮምፒውተር መረጃ መያዣ) አምሳል፣ ቀዳዳው ሳይቀር ተቆርጦ እንዲወጣ የነደፈው የሸክላው ሽፋን የባንዱን ስም በፊደል አልያዘም፤ የተጻፈው ፊደላትን በሚተኩ የቀለም ምልክቶች ነው። እንዲያም ሆኖ ይህ 7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የሚፈጀው ሥራ በብሪታንያ ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ለመሆን በቅቷል።

አሁን በእኛ አገር ነጠላ ዜማ በወጣ ቁጥር ዜናው ስለ ድምፃዊው ይሆንና፣ ምቱን አንድ በአንድ ያስገባው አቀናባሪ «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» በሚል አንድ ሐረግ ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ገጻችሁ ስለ አዲስ ነጠላ ዜማ ሲዘግብ ከድምፃዊው፣ ከግጥምና ከዜማ ደራሲው ጎን የአቀናባሪውንም ስም እንዲያወጣ፣ ከላይ የጠቀስኩትንም ጽሑፍ በዚሁ መሠረት እንድታርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ፣ ከአዲስ አበባ