ሥራ ላለው ሰው ትውውቅ ምን ያደርግለታል?

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ከተጻጻፍን ምን ያህል እንደቆየን ለመቁጠር አልደፈርኩም። ዝምታው የሁለታችንም ስለሆነ መወቃቀሱን ትተን ወደ ወሬያችን ብንገባ ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን ከአንድ የጋራ ወዳጃችን ጋር ስናወራ ያንቺ ነገር ተነሣ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነሽ መሾምሽን የሰማሁት ያኔ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሲያንስሽ ነው! ቀጠል አድርጎ ግን የሙያ ማኅበሩን ስብሰባ እርግፍ አድርገሽ መተውሽን፣ ለሥልጠና ሲጠሩሽም "ሥራ ፈላጊ አይደለሁ፤ ካርድ ስለዋወጥ ብውል ምን ይፈይድልኛል?" ማለትሽን ነገረኝ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው አባባልሽ ነው።

ግማሹ እውነትሽን ነው። አዳራሽ ውስጥ እየዞሩ ካርድ መበተን እኔንም ያንገሸግሸኛል። እጅሽን ጨብጦ እየሳቀልሽ ዓይኑ ግን ካንቺ የሚበልጥ ባለሥልጣን ፍለጋ የሚንከራተት ሰው አጋጥሞሽ ያውቅ የለ? እሱን እኔም ትውውቅ አልለውም።

ሥራ በማግኘት በኩል ያለውን ጥቅም ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ያቀበላቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ፣ አንዳንዶቹም በዓመት ቢበዛ አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የሰማውን አንቺም ሰምተሽዋልና አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ዘንድ ነው። ይሁን፣ አንቺ ሥራ አልፈለግሽም፤ እንለፈው።

እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ሰው በሹመት ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው ሰው እያጣ ይሄዳል። ጀማሪ ሳለሽ "ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?" ብትይ ማንም አይታዘብሽም ነበር። አሁን የበታቾችሽን ብትጠይቂ "ይህንንም አታውቅም እንዴ?" ይባላል። የበላይሽን ብትጠይቂ ጥያቄሽ በግምገማሽ ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ትሰጊያለሽ። አንቺን የማይገመግም፣ ቦታሽንም የማይመኝ፣ ሌላ ድርጅት ያለ የሙያ ሰው ጋ ግን አለማወቅ አያሳፍርም።

እኛ ቢሮ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። አንድ ወር መዝጊያ ላይ የባንክ ስቴትመንቱና የእኛ መዝገብ በ630 አልገናኝ አሉት። ደረሰኝ በደረሰኝ እያነጻጸረ አመሸ። በመጨረሻ ሥልጠና ላይ ለተዋወቃት የሌላ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ደወለ። "ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል?" አለችው። ይካፈላል፣ 70 ይመጣል። "እንግዲያው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ፈልግ" አለችው። እውነትም 4,815 የነበረ ቼክ 4,185 ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ። ዘዴዋ አንቺም እኔም የምናውቃት የቆየች ነገር ናት። እኔን የገረመኝ፣ ኋላ ራሱ ሲያጫውተኝ፣ እኔ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልክ ማንሣቱ ነው። ትንሽ ቅር አለኝና ወዲያው ተውኩት። አለቃው ነኝ፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ከአለቃዬ በፊት ለሷ ነበር የምደውለው።

ሌላው ነገር መለኪያ ማግኘት ነው። አንድ ቤት ረዥም ጊዜ የኖረ ሰው የዚያን ቤት ልማድ የሙያው ሕግ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዲት የማውቃት ኦዲተር "እኔ ቀርፋፋ ነኝ" እያለች ራሷን ስታማ ኖረች። አንድ ቀን ከሌላ ድርጅት እኩዮቿ ጋር ስትጫወት፣ እሷ ብቻዋን የምትሸከመውን ሥራ እዚያ ለሁለት እንደሚሠሩት ሰማች። ደመወዝ አልተጨመረላትም፣ ሥራም አልለቀቀችም። ራሷን ማማት ግን አቆመች። ረዳት ይቀጠርልኝ ብላ ስትጽፍም የምትጠቅሰው ነገር ነበራት።

የሂሳብ ሰዎችን ብቻ ደግሞ አትሰብስቢ። የግዢ ባለሙያ፣ የሕግ ሰው፣ ሲስተም የሚሠሩ ልጆችም ይኑሩበት። ሮናልድ በርት የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ኃላፊዎች ያቀረቡትን ሐሳብ አስገምግሞ ነበር። ሐሳባቸው ጥሩ ነው የመባል ዕድላቸው የሰፋው ከራሳቸው ክፍል አልፈው ከሌላው ጋር የሚነጋገሩት ሆነው ተገኙ። የግድ ከሌላው ይበልጥ ብልህ ሆነው አይደለም። አንዱ ክፍል የሰለቸው ነገር ሌላው ክፍል ሲደርስ እንደ አዲስ ይታያል።

የቆየ ትውውቅ ደግሞ ለብቻው ነው። ሌቪን፣ ዋልተር እና ሙርኒገን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ። የሥራ ኃላፊዎችን ቢያንስ ለ3 ዓመት ካልተገናኟቸው ሰዎች ጋር መልሰው እንዲገናኙና በያዙት ከባድ ሥራ ላይ ምክር እንዲጠይቁ አደረጓቸው። ያገኙት ምክር በየጊዜው ከሚያገኟቸው ሰዎች ምክር ያላነሰ ጠቃሚ፣ በአዲስነቱም የበለጠ ሆነ። መተማመኑ እንዳለ ይቆያል፤ ሰውየው ግን በመሃል እኛ ያላየነውን ብዙ ነገር አይቷል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለጥቅምሽ ብቻ የተጻፈ አይምሰልሽ። የሂሳብ ሶፍትዌራችንን ልንቀይር ነው። አንቺ ያኔ በነበርሽበት ቤት ስትቀይሩ የመክፈቻ ሂሳቡን እንዴት አዛወራችሁት? አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያሠራችሁት ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሻጩ "አንድ ወር ይበቃል" ይለኛል። እኔ አላመንኩትም፣ አለቆቼ ግን አምነውታል። እዚህ ማንን ልጠይቅ? ሁሉም የሚጠይቁት እኔን ነው።

ስልክሽን ቀይረሽ ከሆነ አዲሱን ጻፊልኝ፣ እደውላለሁ።

የማይረሳሽ ወዳጅሽ