መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ማርሹ ይጠየቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ በበረታ ቁጥር ከጮቄ ተዳፋትና ከቢቸና ዙሪያ የገጠር መንገዶች ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጡ ፎር ዊል መኪናዎች ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ጋራዥ ይገባሉ። ሾፌሩ «ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው፤ መሪ ሲዞር ግን ይንቀጠቀጣል፣ የሆነ ነገር ይይዘዋል» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ የፊት ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ክፍል) መፍታት ወይም ሰሚያስ (ኃይሉን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) መለወጥ ሆኖ ስለማይ፣ በሙያው እንደቆየ ሰው ዝም ማለት አልቻልኩም። መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሾፌሩ የፎር ዊሉ ማርሽ ምን ላይ እንደነበረ ሊጠየቅ ይገባል።

በየወረዳው በአምቡላንስነት የሚያገለግሉት ባለ 70 ሞዴል ላንድ ክሩዘሮች በአብዛኛው የፊቱና የኋላው ዘንግ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው የመሀል ዲፈረንሻል የላቸውም። ኤች 4 (ኃይሉ ለአራቱም ጎማዎች የሚሄድበት ማርሽ) ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ ተቆላልፈው እኩል ይዞራሉ፤ በመታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ቅስት ይሄዳሉ። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 3 ሜትር ያለው መኪና የኋላ ዘንጉ መሀል በ6 ሜትር ሬዲየስ ሩብ ዙር ቢታጠፍ፣ የኋላው 9.4 ሜትር ሲጓዝ የፊቱ 10.5 ሜትር ይጓዛል። መረሬ ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይህን የ1.1 ሜትር ልዩነት ስለሚያካክሰው ሾፌሩ ምንም አይሰማውም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ስለማይንሸራተት ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ፣ መኪናውም እየዘለለ ይታጠፋል። ፕራዶን የመሰሉ የመሀል ዲፈረንሻል ያላቸው መኪናዎችም ይህን ዲፈረንሻል የሚቆልፈው ሎክ ከተያዘ ከዚህ አያመልጡም። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ እንዲህ የታሰረ መኪና መሪ እንቢ ብሎ ቀጥ ልሂድ ስለሚል፣ ጉዳቱ ከጎማ መበላት ያለፈ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉ ለኋላ ጎማዎች ብቻ ወደሚሄድበት ማርሽ፣ ወደ ኤች 2 መመለስ ነው። ማርሹ አልላቀቅ ካለ ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ማስኬድ ውጥረቱን ያረግበዋል። ንቅጥቅጡ ከጠፋ የተበላሸ ነገር የለም። ባለፈው ክረምት ሰሚያሱ ተለውጦለት አሁንም የሚንቀጠቀጥ አንድ አምቡላንስ አይቻለሁ፤ ችግሩ ያበቃው ማርሹ ሲመለስ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ምጥ የያዛት እናት የምትጠብቀው መኪና ጋራዥ ቆሞ ነበር።

በኤች 2ም ካልጠፋ እውነተኛ ምርመራ ይጀመራል። ጠጠር መንገድ ላይ ኤች 4 አስገብቶ መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ የሰሚያሱ መገጣጠሚያ ተበልቷል ማለት ነው። ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ የሚበረታ ጉምጉምታ ከሆነ ግን የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቤሪንግ) ይጠረጠራል። ይህን ለመለየት መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ፣ ከዚያም አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝ አድርጎ እንደገና መወዝወዝ ያስፈልጋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ክፍተቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ግን መሪው የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሙከራ ተዘልሎ ሁለቱም ሲለወጡ ማየት ያሳዝናል። የኋላ ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚገታ ዓይነት ከሆነም፣ የማይስማማው ዘይት ሲሞላበት ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንደሚያንቀጠቅጥ መታወቅ አለበት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መኪና ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲተላለፍ ማርሹና የፊት ጎማዎቹ ሃብ (ጎማውን ከሰሚያሱ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው መቆለፊያ) ምን ላይ እንዳሉ በርክክቡ መዝገብ ይጻፍ። ጎማ ሲገዛም ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ አይታሰር፤ የዙሪያ ልካቸው የተለያየ ጎማዎች ኤች 4 ሲገባ ቀጥ ባለ መንገድም ዘንጎቹን ያስጨንቃሉና።

ከአክብሮት ጋር፤
የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ