ሲሪያሉን ሳታይ ብር አትስጥ

ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። ለቀለብ የላክሁልህን ብር ለአሮጌ የኮምፒውተር ጌም አዋልከው አሉ። ኧረ አቦ! ጌም መውደድህ አይደለም ያናደደኝ፤ በአጎትህ ወጥተሃል። ግን ሲሪያሉን፣ ማለት የጌሙን መክፈቻ ቁጥር፣ ሳታይ እንዴት ብር ትሰጣለህ?

ትናንት አጎትህ ሲደውል ጠየቅሁት። ሃፍ ላይፍ 2 ነው አይደል የገዛኸው? እሱ በፈረንጆቹ 2004 ከወጣ ጀምሮ ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ካልተመዘገበ አይሠራም። የመጀመሪያው ሰው ሲሪያሉን በራሱ አካውንት ካስገባው አበቃ፣ ለሌላ ሰው አይሆንም። ላንተ የተረፈህ ዲስኩና ካርቶኑ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ኢንተርኔት የማይጠይቁት የድሮዎቹ ይሻሉሃል። ብዙዎቹ ግን ሲሪያል ይፈልጋሉ፤ ወረቀቱ ከሌለ ዋጋ የላቸውም።

እኔ ይህን በደንብ አውቃለሁ። አጎትህ እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ጌም ቤት በነበረው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ኮፒ ሲያጫውት እሱ ከጅቡቲ ኦርጅናል ያስመጣ ነበር። ካናዳ ሲሄድ ካርቶኑን እኛ ቤት አስቀመጠ። አያትህ ታዲያ «ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራል?» ብላ መመሪያዎቹን ሰብስባ ለለውዝ ሻጯ ሰጠቻት። ሲሪያሉ የተጻፈው እነሱ ጀርባ ላይ ነበር። የባቢሌ ለውዝ ተጠቀለለበት። እኔ እዚያው ቡና እየቆላሁ ዝም አልኩ። አጎትህ ለእረፍት መጥቶ ባዶዎቹን ሽፋኖች አንድ በአንድ ሲከፍት አየሁት። ምንም አላለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሳ እየበላህ ነው? እህትህ ከስተሃል ትላለች። በሻይና በዳቦ ብቻ እንዳትውል፣ ተናግሬያለሁ።

ሲዲ ስትገዛ የሚያብረቀርቀውን ጎን ብቻ አትይ። መረጃው ያለው ጽሑፉ ካለበት ሽፋን ሥር ነው። እዚያ ከተላጠ አይድንም። ወደ መብራት አንሥተህ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካየህበት ተወው። ሌላው ደግሞ፣ ሴፍዲስክ የሚባል መቆለፊያ ያለባቸው የድሮ ጌሞች ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳሉ አይከፈቱም። ስለዚህ የአባትህን አሮጌ ላፕቶፕ እልክልሃለሁ፤ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደተጫነበት ነው፣ ዲስክም ያነባል። በል የኔ ጌታ፣ ከእንግዲህ በአካል ሄደህ ግዛ። ሲሪያሉን ሳታይ፣ ተመዝግቦ እንደሆነ ሳትጠይቅ ብር አትስጥ!

ላፕቶፑ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣል። ቻርጀሩ ስለላላ በፕላስተር አስሬዋለሁ፣ እንዳትፈታው። ከጎኑ ሽሮ አለ። ለዚያ ሻጭ ደግሞ ዛሬውኑ ደውልና ብሩን ይመልስ።

እናትህ፣ ከሳቢያን