የኮምፒውተር ክበብ፦ አንድ ቦታ ተገንብቶ ለሁሉም የሚደርስ ሲስተም

ክበባችን በ2017 ዓ.ም የያዘው ሥራ አንድ ነው። የላቦራቶሪያችን ኮምፒውተሮች ከየቦታው የተለገሱ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በፕሮሰሰራቸው ብናይ አሮጌው ኮር ቱ ዱዎ አለ፣ ኮር አይ ስሪ አለ፣ ጉልበት ያለው ደግሞ አንድ ኮር አይ ሰቨን አለ። የተጫነባቸውም እንደዚያው የተዘበራረቀ ነበር። አንዱ ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ ክፍለ ጊዜው በጥገና ያልቃል። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አንድ ማሽን ላይ ከምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሮች ከጻፉት ጽሑፍ) ገንብተን ለሁሉም ለማዳረስ ተነሳን።

የመረጥነው ፍሪቢኤስዲን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለ፣ የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። «ሊኑክስ ምን አጠፋ?» የሚል ሙግት ተነስቶ ነበር፤ ሙግቱን ወድጄዋለሁ። ሊኑክስ በጥብቅ ከተናገርን ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት) ብቻ ነው፤ ቀሪውን አዘጋጆቹ ከየቦታው ሰብስበው ያሟሉታል። በፍሪቢኤስዲ ግን ከርነሉና መሠረታዊ ፕሮግራሞቹ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይገነባሉ። ልጆቹ ሙሉ ሲስተም ከኮድ ሲወጣ እንዲያዩ ፈልጌ ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኮር አይ ሰቨኑ ላይ ግንባታውን ለሚመራው ፕሮግራም፣ ለሜክ፣ መጀመሪያ «ሜክ ቢልድወርልድ» (ፕሮግራሞቹን ገንባ)፣ ቀጥሎ «ሜክ ቢልድከርነል» (ከርነሉን ገንባ) ተብሎ ይታዘዛል። የምንጭ ኮዱና የግንባታው ውጤት ያሉባቸው ፎልደሮች ፋይሎችን በኔትወርክ በሚያጋራው በኤንኤፍኤስ ለሌሎቹ ይከፈታሉ። ሌሎቹ የሚጠበቅባቸው መጫን ብቻ ነው። መጀመሪያ ከርነሉ ይጫናል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል፣ ከዚያ ፕሮግራሞቹ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ለጌጥ አይደለም። አዲስ ከርነል አሮጌ ፕሮግራሞችን ይሸከማል፤ አዲስ ፕሮግራም ግን አሮጌው ከርነል የማያውቀውን አገልግሎት ሊጠይቀው ይችላል።

መብራት በየመሀሉ ሲጠፋ ግንባታው ይቋረጣል። ደግነቱ ያለቀውን ሳያጠፉ ከቆመበት መቀጠል ይቻላል። ያ ባይኖር ኖሮ እስካሁንም እዚያው ነበርን።

ከመጀመሪያው ያጸናነው ደንብ አለ፦ ምንም ነገር መሞከሪያው ማሽን ላይ ሳይፈተን ለሌሎቹ አይሄድም። ደንቡ ዋጋውን ያሳየው አንድ ተማሪ «እናፍጥነው» ብሎ ግንባታውን ለኮር አይ ሰቨኑ ፕሮሰሰር ብቻ እንዲስማማ ባስተካከለ ጊዜ ነው። ገንቢው ማሽን ላይ ሁሉ ነገር ሰላም። መሞከሪያው ኮር ቱ ዱዎ ላይ ግን ፕሮግራሞቹ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» እያሉ ይወድቁ ጀመር። አሮጌው ፕሮሰሰር ኤቪኤክስ የሚባሉትን ትእዛዞች አያውቃቸውም፤ እነሱ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለብዙ ማሽን የሚገነባ ሰው በደካማው ልክ ይገነባል። ልጁ ያስገባውን የማስተካከያ መስመር ሰርዞ እንደገና ገነባ።

ያደከመን ግን ሌላ ነው። አንዷ ኮምፒውተር ላይ መጫኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ከርነሉ ተጠረጠረ፣ ኬብሉ ተቀየረ፣ ስዊቹም ተወቀሰ። ለካ ማዘርቦርዷ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃ፣ ማሽኗ በጠፋች ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ትመለሳለች። «በእኛ አቆጣጠር ነው የምትሄደው» ብለው ልጆቹ ሳቁ። ሜክ የሚሠራውን የሚወስነው የፋይሎችን ሰዓት እያወዳደረ ነው። ሰዓት ሲዛባ የተገነባውን እንዳልተገነባ ቆጥሮ ሊገነባው ይነሳል፤ በመጫን ሰዓት ደግሞ መገንቢያ መሣሪያው በእጁ አይደለም። ሰዓቷን ያረጋገጠችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባትሪው ተቀየረ፣ ተጫነ፣ አለቀ።

ለየማሽኑ የተለየ ከርነል ማዘጋጀት ልጆቹ ከምንም በላይ የወደዱት ሥራ ነው። የማያስፈልገውን ድራይቨር (ከርነሉን ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) እየቀነሱ ስንት ሜጋባይት እንዳተረፉ ይፎካከሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው «ጄነሪክ» የሚባለው ከርነል ለሁሉም ይበቃ ነበር። አልከለከልኳቸውም፤ ከርነል ውስጥ ምን እንዳለ ያወቁት በመቀነስ ነው።

አሁን አንዱ ላይ የተገኘ ችግር ሁሉም ላይ ይገኛል፤ ገንቢው ላይ ሲፈታም ለሁሉም ይፈታል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሽን ላይ ራስበሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር መገንባት እናስባለን። ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል ጭራሽ ስለሚለይ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚገነባ ለገንቢው መንገር ይጠይቃል፤ ፍሪቢኤስዲ ይህን ይችላል። 12ኛ ክፍሎቹ ስለሚለቁን ምዝገባው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍት ነው። ጌም ለመጫን የምትመጡ ግን አትድከሙ።